የእማዬ ጣውንት

በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ያረጁ ኮምፒውተሮችን የምታድሰው ባለሙያ ስንቱን እምቢ ባይ ማሽን አባብላ አስነስታለች፤ የአባቷን ኮምፒውተር ለመፍታት ግን እጇ አልታዘዝ ብሏት ሰነበተ።

ማሽኑን ለሙዚየሙ ኤግዚቢሽን የሰጠቻት እናቷ ናት። ሟቹ ባሏ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከሥራ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ይደቀናል። እናትየው በቅናት ይሁን በቀልድ «ጣውንቴ» ብላ ሰየመችው፤ ለጎረቤት የምታስተዋውቀውም በዚሁ ስም ነበር። ለልጇ ስታስረክብ ግን አደራ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጠፍቶ እንዳይቀመጥ። በርቶ ልየው።»

መች ይበራል! ክዳኑን ከፍታ ብታየው ባትሪው ፈስሶ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ በልቶታል። ደህና የተረፈው ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ብቻ ነው። የሙዚየሙ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሞዴሉ አንድ የሆነ መንትያው ተቀምጧል፤ የእሱ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። ከሁለቱ አንድ የሚሠራ ይወጣል። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቷን ወደ መሥሪያ ክፍሉ ጠርታ እውነቱን ነገረቻት።

«የእሱን አካል ቆርሰሽ ለባዕድ ልትሰጪ?» እናትየው ቱግ አለች። «ተዪው በቃ፣ ቤቴ እመልሰዋለሁ! ጠፍቶም ቢሆን የእኛ ነው።»

«እማዬ፣ ሌላው ሁሉ እዚሁ በክብር ይቀመጣል። የምትወጣው ይቺ ሣጥን ብቻ ናት። እምቢ ካልሽ ደግሞ እተወዋለሁ።»

የምሯን ነበር። እናትየው የማሽኑን ክዳን በመዳፏ ዳበሰችው።

«እሱ ቢኖርስ ምን ይል ነበር?»

«ቢኖርማ ይኼኔ ፈታትቶ ጨርሶት ነበር።»

እናትየው ሳትወድ ፈገግ አለች። «እንግዲያው ፍቺው። እኔ ግን አላይም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ልጅቷ ብሎኖቹን ፈታች። ፓወር ሰፕላዩን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ አውጥታ መንትያው ውስጥ ገጠመችውና ማብሪያውን ተጫነች። ስክሪኑ ገና ሳይበራ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለችው ማራገቢያ አንዴ አንኮራፋች፣ ሁለቴ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ማጉረምረሟን ያዘች። ልጅቷ ክው አለች። ያደገችበት ድምፅ ነው። ለካ ያ ሁሉ ዘመን ቤቱን ስትሞላው የኖረችው ይቺ ማራገቢያ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ራቱ ቀዘቀዘ እኮ!»

እናትየው ናት፤ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ ጮክ ብላ። ከአፏ አምልጧት ነው። ወዲያው በእጇ አፏን ያዘች።

ልጅቷም አባቷ ሁልጊዜ እንደሚመልሰው፣ ድምፅዋን ጎተት አድርጋ መለሰች።

«መጣሁ፣ አንድ ደቂቃ።»

እናትየው ዞረች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። ወንበር ስባ የበራው ማሽን አጠገብ ቁጭ አለች።

«ውሸታም» አለችው።