የውሰት አክታ

ድልድዩ ስር ከምናድረው መካከል ሳንባ ነቀርሳ የተገኘበት ኦዳይር ብቻ ነው። ጃይልሰን ይህን ለኦዳይር ሎተሪ እንደወጣለት ነው የቆጠረው።

እኛ ከተማ፣ ሬሲፌ፣ ጎዳና ላይ ለሚያድር በሽተኛ ነርሷ የሚተኛበት ካርቶን ድረስ ትመጣለች። ሲስተር ጁሴሊያ በየማለዳው ኦዳይር ፊት ቁጢጥ ትላለች፣ ወተት የፈሰሰበት የበቆሎ ኩስኩስ ታቀብለዋለች፣ ክኒኑን ሲውጥ ታያለች። ከዚያ "ክፈት እስቲ፣ ምላስህን አንሳ" ትላለች። ጃይልሰን ያን አፍ አይወደውም። ጥርሱ የረገፈ አፍ ምኑ ይታያል?

"ሽንቴ እኮ ከክኒኑ የተነሳ ብርቱካን መስሏል" አለ ኦዳይር አንድ ቀን።

"አትኩራራ" አለው ጃይልሰን።

ብዙም ሳይቆይ ጃይልሰን ማሳል ጀመረ፤ በተለይ ሲስተር ስትመጣ። እሷም ለምርመራ ጠዋት አክታውን እንዲተፋበት ክዳን ያለው ዕቃ ሰጠችው። ጃይልሰን ግን የራሱን ሳል አላመነውም። ዕቃውን ይዞ ኦዳይር ዘንድ ሄደ።

"ወንድምዬ፣ ትንሽ ትፋልኝ።"

"የራስህስ?"

"የኔ ጤነኛ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?"

ኦዳይር ሰው አያሳፍርም፤ ተፋለት።

ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር "ንጹህ ነህ፣ እንኳን ደስ አለህ" አለችው። ጃይልሰን ሰው የሞተበት መሰለ። እሷ ዞር እንዳለች ኦዳይር ጓዙን መጠቅለል ያዘ።

"ንጹሁማ የኔ ነው። ድኛለሁ። ከእንግዲህ ክኒን የለም፣ ኦሊንዳ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።"

ጃይልሰን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ኦዳይር ከሄደ ሲስተር እዚህ ማን ብላ ትመጣለች? ጠዋት ገና ስትቀመጥ ነገራት።

"ሲስተር፣ ያ አክታ የሱ ነው። መድኃኒቱን ሊያቆም ነው።"

ወደ ኦዳይር ዞረች። "ንጹህ የሆነው ክኒኑ ስለሠራ ነው። መሃል ላይ ካቆምክ ይመለሳል፣ ያኔ ደግሞ ይኸ ክኒን አይበግረውም። ጓዝህን አስቀምጥና ዋጥ።"

ለጃይልሰን ሌላ ዕቃ አወጣች። "አንተ ደግሞ አሁን፣ እዚሁ፣ እያየሁህ። ምራቅ አልፈልግም፣ ከደረትህ አውጣው።"

ጭምብሏን አጥብቃ አፉ ላይ አፈጠጠች። ጃይልሰን አልተቻኮለም። ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

ኦዳይር ክኒኑን ምላሱ ላይ እንዳስቀመጠ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

"ሲስተር" አለ ኦዳይር በመጨረሻ፣ "እኔን እኮ አላየሽኝም።"