ምርቃቱ ይቆይ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ በሱንድቢበሪ እድራችን ከኔ ከሸዋሉል ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ የለም። አዲሱን ደንብ ያረቀቅኩትም እኔ ነኝ። ከስልሳ አባላት አርባ አንዱ በኪሴ ናቸው፤ ለማጽደቅ ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃል።

ያስቸገረችኝ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ፣ ወሎዬዋ ሙፈሪሃት ናት። አንቀጽ ሦስት ላይ «እድሩ ሥራ የሚጀምረው ኮሚቴው እሁድ ተሰብስቦ ሲወስን ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ካልሆነ ማን ይገናኛል?

«የእኛ ሬሳ እሁድን አይጠብቅም» አለችኝ። «አባዬ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ተኝተዋል። ለመሞትም እንደ ሐኪም ቀጠሮ ቲድ ያስይዙ እንዴ? ይሄ ከጸደቀ እኔም አሥራ አራቱ ሙስሊሞችም እንወጣለን።»

«ጥርግ በይ!» አልኳት። ንዴቴ ክፉ ነው።

ለቅዳሜው ስብሰባ ዘዴ ዘየድኩ። ሊቀመንበራችን አባባ ብርሃነ ሥላሴ ከመረቁ ክርክር አበቃ፤ ከአሜን በኋላ አፉን የሚከፍት የለም። «ረቂቁ እንደተነበበ ይመርቁልን» አልኳቸው በጆሯቸው። ሳቅ ብለው ተስማሙ።

አንብቤ ስጨርስ ሲራክ፣ ጡረታ የወጣው የታሪክ መምህር፣ እጁን አወጣ። «አንዴ ስሙኝማ። ናሚቢያ ሕገ መንግሥቷን እንዴት እንደጻፈች ልንገራችሁ።»

«ኧረ በናትህ! ለእድር ናሚቢያን ምን አመጣት?» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ምን ቆርጦት ይተወኛል!

«መጀመሪያ ጀርመን፣ ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ የገዟት አገር ናት» አለ። «በፈረንጆቹ 1989 መጨረሻ ሰባ ሁለት ተመራጮች ሊጽፉ ተቀመጡ። ትናንት ሲዋጉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ትልቁ ፓርቲ አርባ አንድ ወንበር አለው፤ ለማጽደቅ ግን ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ምን አደረጉ? ተቃዋሚዎቹ የትልቁ ፓርቲ ረቂቅ መነሻ ይሁን አሉ። እሱም በምርጫው ሥርዓት ላይ የእነሱን ሐሳብ ተቀበለ። ሦስት ወር ሳይሞላ በሙሉ ስምምነት አጸደቁት።»

አርባ አንድ! የኔም አርባ አንድ። ክው አልኩ። ቢሆንም እኔን ሁለት ሦስተኛ የሚጠይቀኝ የለም ብዬ አባባን ጠቀስኳቸው።

አባባ ተነሱ፤ አዳራሹም ተነሳ። «እንግዲህ ፈጣሪ የተስማማንበትን…»

ሙፈሪሃትን አየኋት። ካፖርቷን ለብሳ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። የሽማግሌ ምርቃት እንዴት ይገፋል? አሚን ብላ ልትወጣ ነው። ከዚያ አባቷ ሲያርፉ ማን ይቆምላታል? የኔ እናት ያረፈችው ማክሰኞ ነበር። ሙፈሪሃት ያኔ እሁድን አልጠበቀችም፤ ከሥራዋ ቀርታ ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠች። አፈርኩ፤ በራሴ በጣም አፈርኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ምርቃቱ ይቆይ!»

ምርቃት ያቋረጠ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አባባ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

እስክሪብቶዬን ለሙፈሪሃት ሰጠኋት። «አንቀጽ ሦስትን አንቺ ጻፊው።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጽፋ ጮክ ብላ አነበበች፦ «እድሩ ሥራ የሚጀምረው ስልክ በተደወለ ሰዓት ነው።»

የስልሳችንም እጅ ወጣ። አባባ ምርቃታቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሜንም አሚንም አልን።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሙፈሪሃት ናት። ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም።

«መጣን» አልኳት።