ወለል ላይ የተሰደረች መኪና

መኪናዋን የገዛናት በጥርሴ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከላይ አራት፣ ከታች ሁለት ጥርስ ላስተክልበት ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ነበረችኝ። ጋሼ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ያያትን መኪና ካልገዛሁ ብሎ ሲነሳ የእሱ ጡረታ ለአንድ ጎማዋ እንኳን አልበቃ አለ። ምን ላድርግ? ታላቅ ወንድሜ ነው። እስከ ዛሬ ሥጋ የማኝከው በአንድ ጎን ነው።

ጋሼ መካኒክ ነበር፤ አርባ ሦስት ዓመት መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት መለዋወጫ ስረከብና ሳስረክብ አንዲት ቡሎን ጎድላብኝ አታውቅም፤ ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ሁለታችንም ሚስቶቻችንን ቀብረን አንድ ቤት ከገባን አራት ዓመት ሆነን። እሱ "ካርቶን" ይለኛል፤ ያገኘሁትን ሁሉ ካርቶን ውስጥ እየከተትኩ ላዩ ላይ ስለምጽፍ። እውነቱን ነው፣ ሥርዓት እወዳለሁ።

አምና መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ ከዳቦ ቤት ወደ ቤት የሚመለስበት መንገድ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ "ይሄ ነገር እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም" አለኝ፤ እንዲህ በደረቁ። "እጁ የሚያውቀው ሥራ ካለ ግን አታስጥሉት። መጨረሻ ላይ የሚለየው እሱ ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የማስበው ስለ ጋሼ እጅ ብቻ ሆነ።

መኪናዋን ያያት እህል ልናስፈጭ የሄድን ቀን ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ጎማዋ ባለ ሽቦ፣ የጥንት የስፖርት መኪና ናት። ጋሼ ከነጆንያው ቆሞ ቀረ። "ልጅ ሆኜ የተቀጠርኩበት ጋራዥ ባለቤት እንዲህ ያለች ነበረችው" አለኝ። "አጥቤያታለሁ፣ ወልውያታለሁ። ሰውዬው አንድ ቀን መሪዋን አስይዞኝ አያውቅም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንተ ካርቶን፣ ሳልረሳ አንድ ጊዜ ልንዳት።" እንቢ የሚል ወንድም ካለ እስቲ ይምጣና ልየው።

ባለ ወፍጮው የሰው ዓይን አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ዓይነት ነው። "ይቺ እኮ ቅርስ ናት" አለ እጁን ኪሱ ከቶ።

"ቅርስ ከሆነች ዶሮ ምን ትሠራባታለች?" አልኩት። የሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ ተኮፍሳ ትገላምጠናለች። ጣሪያዋን አይጥ በልቶታል፣ ዱቄት ከላይ እስከ ታች ለብሳ ቀለሟ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይታወቅም፣ ሞተሯ ደርቆ አልዞርም ብሏል። ጉድለቷን አንድ በአንድ እየጠራሁ እስከ ቀትር ስከራከር ቆየሁና በግማሽ ዋጋ ወረደልን። ዶሮዋ ግን በሽያጩ ውስጥ የለችም አለ፤ ስስታም።

ጋራዣችን ውስጥ ከገባች በኋላ ያለ ገንዘብ መኪና ማደስ ምን እንደሚመስል አየሁ። የወንበሯን ልብስ ከሳሎን ሶፋችን ላይ ገፈን አለበስናት፤ ሶፋው አሁን አንሶላ ለብሶ ነው እንግዳ የሚቀበለው። ጣሪያዋን ከድሮ ድንኳን ሸራ እኔ ራሴ በእጄ ሰፋሁት። የተሰበረ ነገር ሲገኝ አዲስ መግዛት የለም፤ ጋሼ ሞርዶ፣ በይዶ፣ ከሌላ ብረት ቆርጦ ያበጃል። እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ አራት ወር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ስሜን ሲፈልግ የሚቸገር ሰው መፍቻ ሲጨብጥ ቀጥ ይላል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ነበር፤ ወለሉ። ጋሼ ሞተሯን ሲፈታ እያንዳንዷን ነገር በፈታበት ተራ ሲሚንቶው ላይ ይደረድራል። ከበሩ በስተቀኝ ይጀምርና ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ቡሎን፣ ከሥሯ የራሷ ሮንዴላ፤ እነዚያ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ማለቴ ነው። ከዚያ ሌላ ቡሎን፣ ሌላ ሮንዴላ። ዘይት የነካው፣ ዝገት የበላው፣ ሁሉም እንዳለ። እግር ማስቀመጫ የለም። "ጋሼ፣ ካርቶን ላምጣልህ?" ስለው፣ "እንዳትነካ!" ብሎ ይጮህብኛል። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ይነሳና ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ፣ ለራሱ እያጉተመተመ ይሄዳል። አንዱ ጋ ሲደርስ "እህ" ይልና ሥራ ይጀምራል። እኔ የሚቆጥር ነበር የመሰለኝ። እንዳይጠፋበት የሚሠጋ። መቁጠር ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ?

መግጠም ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ከተሰደረው አንድ ሦስተኛው ወደ ሞተሩ ተመልሷል። ቢበዛ አንድ ወር ተኩል ቢቀረን ነው።

የወንድሜ ልጅ የደወለችው ያኔ ነው። ነርስ ናት፣ ሩቅ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር። የጋዝ ምድጃው ሳይጠፋ ማደሩን ከጎረቤት ሰምታለች። "እኔ ነኝ የረሳሁት" አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ጋሼ ነው። እንዲህ ስሸፍንለት ወራት ሆኖኛል። ቧንቧው ክፍት ቀርቶ ኮሪደሩ ሲጥለቀለቅ እኔ ነኝ። ቁልፉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገኝ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜማ ጋሼ ራሱ "አንተንም ጀመረህ እንዴ?" ብሎ አዘነልኝ።

"አጎቴ፣ አንተም እኮ ሸምግለሃል" አለችኝ።

"የሸመገለው አባትሽ ነው!" አልኳት ተናድጄ።

"ቅዳሜ እመጣለሁ። ሥራውን እየሠራ፣ ራሱን እየቻለ ካየሁት ይቆይ። ካልሆነ ግን ይዤው እሄዳለሁ።" ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ አባቷን ትወዳለች። ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ናት። ጋሼ እዚያ ፎቅ ላይ በር ተቆልፎበት መስኮት ሲያይ ሊውል ነው። እኔስ? እኔ ከማን ጋር ልጣላ? ፈራሁ። ከጡረታም፣ ከበሽታም፣ ከሞትም በላይ ጋሼ ከቤት እንዳይወሰድብኝ ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ጋሼን ወደ ሱቁ ወሰደው፤ ልጁ ፊት አምሮበት ይታይ ብዬ እኔው ነኝ የለመንኩት። ብቻዬን ስቀር ጋራዡን ከፈትኩት። በእሷ ዓይን አየሁት። ወይ ጉድ! ቆሻሻ ነው። ዘይት የጠጣ ወለል፣ የተበታተነ ብረት፣ ያበደ ሰው የሚኖርበት ነው የሚመስለው። ይህን ያየች ሴት አባቷን እዚህ ልትተው ነው? እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ሁሉንም ለቀምኩ። በቤንዚን አጠብኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩ፣ እንደ ግምጃ ቤት ደንብ በዓይነትና በመጠን ለየሁ። ትልልቅ ቡሎን ለብቻ፣ መካከለኛ ለብቻ፣ ትንንሽ ለብቻ። ሮንዴላዎቹን ስልሳ ሦስቱንም ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ሽቦ ላይ ሰካሁ። ካርቶኖቹ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩና መደርደሪያው ላይ አሰለፍኳቸው። ወለሉን በሳሙና ፈተግኩት። ስጨርስ በር ላይ ቆሜ አየሁና ኮራሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ኮራሁ! ጋሼ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ሲጫወት አምሽቶ ደክሞት መጣና ወደ ጋራዡ ሳያይ ተኛ። ነገ ድንገት ሲያየው ይደሰታል ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ቁርስ ላይ ጋሼ ስሟን አልሳተም፤ ተሳሳቁ። "ነይ መኪናዬን ላሳይሽ" አላት። እኔ ቀድሜ ሄጄ በሩን በሰፊው ከፈትኩላቸው።

"ውይ አጎቴ፣ እንዴት ያምራል!" አለች ልጅቷ።

ጋሼ ገባ። እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ዞረና ጎንበስ አለ። ጣቱ ባዶ ሲሚንቶ ነካ። ትንሽ ወደፊት ሄዶ ደግሞ ነካ። ግድግዳውን ተከትሎ ግማሽ ድረስ እንዲሁ ሄደ፣ ተመልሶ በሩ ጋ መጣ፣ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ቀና አለ።

"እዚህ ጋ ነበርኩ እኮ" አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሲቆጥር አልነበረም። ጭንቅላቱ መያዝ ያቃተውን ወለሉ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ተነስቶ የሚያነበው ያንን ነበር፤ ትናንት የት እንደደረሰ፣ ዛሬ ምን እንደሚቀጥል። እኔ ደግሞ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት።

"ሁሉም አለ ጋሼ! ይኸው፣ አንዲት አልጎደለችም!" ካርቶኖቹን እያወረድኩ ፊቱ ደረደርኩ። ሽቦውን አንስቶ ስልሳ ሦስቱን ሮንዴላ አየ። እያንዳንዷን ለየቦታዋ በሞረድ ልክ አስገብቷት ነበር፤ የአንዷ ቦታ ለሌላዋ አይሆንም። "ይሄ የየትኛው ነው?" አለኝ። እኔ ምን አውቄ! አንድ ቡሎን አንስቶ ሞተሩ ላይ ሞከረ፣ እንቢ አለ። ሌላ አነሳ። ሦስተኛዋ ግማሽ ገብታ ነከሰች። መፍቻው በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በዚያ አራት ወር መፍቻ ይዞ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛለች።

መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በሰደበኝ! ምነው በመፍቻው በመታኝ!

"እኔ ነኝ አይደል?" አለኝ።

"ምኑ ጋሼ?"

"እኔ ነኝ ያነሳሁት። አነሳሁና ረሳሁት።"

"ኧረ እኔ ነኝ!" አልኩ። "በእናታችን፣ እኔ ነኝ! ትናንት አንተ ፀጉርህን ስትስተካከል!"

ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። "ተው እንጂ" አለኝ። "ምድጃውንም እኔ ነኝ ብለሃል። ቧንቧውንም።" ወደ ልጁ ዞረ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሸፍንልኝ። ያልገባኝ ይመስለዋል።"

"አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ!" ጮህኩ። "ካርቶኑ ላይ ያለውን እዪ፣ የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው!"

"እኔ በታትኜው እሱ ለቅሞ ከተተው" አላት ጋሼ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። ልጅቷ ትከሻዬን ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ይገባኛል አጎቴ" አለችኝ። ምንም አልገባትም። በማልኩ ቁጥር የሚታያት የዋህ ሽማግሌ ነው፤ ለወንድሙ ሲል የሚዋሽ። ፀጉር አስተካካዩን ጠርቼ ላስመሰክር ሮጥኩ፤ እሱ ምን አይቶ? ጋሼን ወስዶ መለሰ እንጂ።

ስመለስ ጋሼ እጁን በሳሙና እየታጠበ ነበር፣ በጥፍሮቹ መሀል ያለውን ዘይት ሳይቀር። "ልጄ፣ ልብሴን ሰብስቢልኝ" አላት። "እጄም ከዳኝ። ከእንግዲህ እሱን ማሰቃየት ነው።" እሷ ገና ምንም አላለችም ነበር። ይዤህ ልሂድ አላለችም። ራሱ ነው ያለው።

እሑድ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሁሉ ስናገር ነበር፤ ስምል፣ ስማጸን፣ ስቆጣ። ጋሼ ታግሶ ይሰማኛል፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ክንዴን መታ መታ ያደርጋል። አውቶቡሱ በር ላይ ሲደርስ ቆመና አንድ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

"ይቅር በለኝ" አለኝ። "ያን ሁሉ ልፋትህን አበላሸሁብህ።"

"ጋሼ፣ ምንም አላደረግክም! እኔ ነኝ፣ እኔ!"

"ይቅር ብዬሃለሁ በለኝ። ካላልከኝ አልሳፈርም።"

ከኋላው ሰው ተሰልፏል። ልጅቷ ቦርሳውን እንደያዘች በዓይኗ ትለምነኛለች። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጋሼ ንቅንቅ አላለም፤ ፊቴን ፊቴን ያያል።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት።