መስኮቱ የሚያየው

ልብስ ሰፊዋ ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ የጆጉን እጀታ በእርሳስ ወረቀት ላይ ታዞራለች። ታናሽ እህቷ፣ የሥዕል አስተማሪዋ፣ ከጀርባዋ ቆማ አየችና ሳቋ አመለጣት።

«እትዬ፣ ይሄ ጆግ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ካውያ ያለፈበት ጆግ!»

«አንቺ ደግሞ! የማየውን ነው የሳልኩት።»

እውነቷን ነበር። ግራ ዓይኗ በሕመም ከጠፋ ወዲህ ዓለም ሁሉ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ጠፍጣፋ ሆኖባታል። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን ታፈሰዋለች፤ በር ልትከፍት ስትል እጇ አየር ይጨብጣል። ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው መርፌ ነው። ክሩ በቀዳዳው ፊት ያልፋል፣ በኋላው ያልፋል፣ በቀዳዳው ግን አያልፍም። የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሶ ጥግ ከያዘ ቆየ። ባሏ ገዢ አግኝቶለታል፤ ሰውየው ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያየዋል። «ይምጣ» ብላለች፤ ቁርሷን ግን ሳትነካ ትታዋለች። እህቷም ይህን ሰምታ ነው «ሐሳብሽ ትንሽ ይረፍ» ብላ በጠዋት እርሳስና ወረቀት ይዛ የመጣችው።

«መስመሩን ተይው» አለች አስተማሪዋ። «ጨርቅ አይደለም የምትቆርጪው። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከመስኮቱ ነዋ፤ ከየት ይመጣል?»

«እንግዲያው ከመስኮቱ የተሸሸገውን አጥቁሪው።»

ልብስ ሰፊዋ እርሳሱን አጋድማ ታሽ ጀመር። ወደ መስኮቱ የዞረውን የጆጉን ሆድ ነጭ አድርጋ ተወችው። ሆዱ ዞር ማለት ሲጀምር ግራጫ አለበሰችው፤ እየዞረ ሲሄድ እያጠቆረች ተከተለችው። ከጥላው ዳር፣ ከነጩ የጠረጴዛ ልብስ ነጥሮ የተመለሰ ቀጭን ብርሃን አየች። ስንት ዘመን ያንን ጆግ ስታነሳ ስታስቀምጥ አንድም ቀን አላየችውም። እሱንም ሳትነካ አለፈችው። በመጨረሻ ከታች፣ ጆጉ ጠረጴዛውን በሚነካበት ቦታ፣ እርሳሱን ጠበቅ አድርጋ አንዲት ጥቁር ጭረት አሰመረች።

ጆጉ ተቀመጠ።

ወረቀቱን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ያው ልሙጥ ወረቀት ነው። ጆጉ ግን ሆድ አውጥቷል፣ ጀርባ አለው፣ ውሃ ቢሞሉት እጅ የሚያዝል ነው። ቀና ብላ እውነተኛውን አየች። እሱም ክብ ነበር። ወንበሩም ከግድግዳው ተላቆ፣ በአራት እግሩ፣ ወደ ፊት ወጥቶ ቆሟል።

«ኧረ በፈጣሪ!» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከዛሬ እዚሁ ነበር?»

«ምኑ?»

«ውፍረቱ!» ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሰረች። «አየሽ፣ ሁለተኛው ዓይኔ እሱ ነው። እኔ ከዚህ አያለሁ፣ እሱ ከዚያ ያያል። ያየውን ደግሞ በጥላ ይነግረኛል።»

«ይቺን ለተማሪዎቼ ሰርቄሻለሁ።»

«ስረቂ። አሁን ካፖርትሽን አምጪው፤ ቁልፉ ወልቆ ጥርሱ እንደ ረገፈ ሽማግሌ ያፈጥብኛል።»

እህቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካፖርቱንና የመርፌ ሣጥኑን አቀረበችላት። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከወረቀቱ ባዶ ጥግ በላይ ያዘችው። የጠዋት ፀሐይ የመርፌውን ጥላ ወረቀቱ ላይ ጣለው፤ የክሩንም ከጎኑ። በዓይኗ ሲታይ ክሩ ቀዳዳው ላይ ደርሷል፤ ጥላው ግን ገና ነው። ስንት ጊዜ ያታለላት ይኸው ነበር። እጇን ጥቂት ወደ ፊት ገፋች። አሁን ክሩም ደረሰ፣ ጥላውም ደረሰ።

ገባ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ክሩን አዩት፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደሚያዩ።

«ለባልሽ ልደውልለት?» አለች እህቷ።

«ደውይለት። ሰውየው እንዳይለፋ።»

ቁልፉን ሰፋች፤ ክሩን ሥሩ ላይ ጠምጥማ ቋጠረችና በጥርሷ በጠሰችው። ካፖርቱን አራግፋ አጠፈችው፤ ወንበሩ ላይም፣ ጥላው ከሥሩ መጥቶ እስኪገጥመው እያየች፣ አስቀመጠችው።