ለሴቶቹ ብቻ የተከፈተ ገንዳ

መልእክቱ የደረሰን ማክሰኞ ጠዋት ነው። የዋና ቡድኑ አባላት በሙሉ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በአራት ሰዓት ጂምናዚየም እንድትገኙ፤ ስብሰባው አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል ይላል። መንትያ ወንድሜ ዴሪክ አነበበና፣ «በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያልቅ ደግ ወሬ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ቤኒንግ ከወረቀት ላይ አነበበልን። አንዴም ቀና ብሎ አላየንም። ኮሌጁ ወጪ መቀነስ ስላለበት ሁለቱም የዋና ቡድኖች ከሰኔ ጀምሮ ይዘጋሉ። «ለዓመታት ላፈሰሳችሁት ላብ እናመሰግናለን» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

«ላባችንማ ገንዳው ውስጥ ነው፤ ቀድታችሁ መልሱልን!» አለ ዴሪክ ከኋላ።

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ያለቅስ ነበር። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ለፉትቦል ቡድኑ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ ሌላ በጀት ነው» አላት ቤኒንግ፤ ሰዓቱን እያየ።

አሰልጣኛችን ሎርና ፒተርማን በሩ አጠገብ ቆማለች። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ገንዳ ዳር ቆማ የጮኸች ሴት ናት። እሷም የሰማችው ከእኛ በአርባ ደቂቃ ብቻ ቀድማ እንደሆነ በኋላ ነገረችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። እኔ የሴቶቹ አምበል ነበርኩ፤ ሦስተኛ ዓመት። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየተነሳሁ ውሃ ውስጥ ስገባ ኖሬ፣ አሁን የዓመቱ ውድድር አልቆ ልምምዱም ስለቆመ፣ በዚያው ሰዓት ዓይኔ ይከፈትና የምሄድበት አጣለሁ። ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። በረዶው ገና በየጥጉ አልቀለጠም። የገንዳውን ሕንፃ እዞረዋለሁ፤ በሩ ተቆልፏል፤ በአየር ማስወጫው በኩል የክሎሪን ሽታ ይመጣል። እዚያው ቆሜ አሸትና ደግሞ እዞራለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር ጉልበቴ ጠረጴዛውን ስለሚነቀንቅ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች።

ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ፊርማ አሰባሰብን፤ ለቀድሞ ዋናተኞች ደብዳቤ ጻፍን። ዴሪክ ቲሸርት አሳተመ፤ ደረቱ ላይ «ሁላችን ወይም ማናችንም» የሚል። ምግብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ገጥመን፣ ወንዱም ሴቱም እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ከተመለስን አብረን እንደምንመለስ ቃል ተገባባን። መጀመሪያ እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሃልበርግ ቢሯቸው ጠርተው ኩኪስ አቀረቡልን። «ይህ ውሳኔ ልቤን ሰብሮታል» አሉን።

«ልብዎ ሲጠገን ገንዳችንንም አይርሱብን» አላቸው ዴሪክ። ኩኪሱን አልነካም። እኔ ሦስት በላሁ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ አይሆንልኝም።

በግንቦት መጀመሪያ ሰኞ ዕለት ኢቮን አዴር የምትባል ሴት ደወለችልኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በሎርና ሥር የዋኘች ናት፤ አሁን ሚልዋኪ ከተማ ጠበቃ ሆናለች።

«ስሚኝ የኔ እህት» አለችኝ፤ «እናንተ ኮሌጅ ውስጥ ከተማሪው ከግማሽ በላይ ሴት ነው። ቡድን ውስጥ ያለውን ብትቆጥሪው ግን ሴቱ ከግማሽ በጣም ያንሳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ የሴት ቡድን መዝጋት ሕግ ይከለክላል። ከሳሽ የሚሆኑ ሦስት ልጆች ስጪኝ፤ አሸንፋለሁ።»

ስልኩን ይዤ መኝታ ቤቴን እየዞርኩ ነበር። ቆምኩ። «ወንዶቹስ?»

«ለወንዶቹ የምይዘው ሕግ የለኝም። ብዋሽሽ ደስ ባለኝ።»

«አብረን ካልሆነ ተባብለናል እኮ።»

«ገብቶኛል። እስከ ሐሙስ አስቢበት። ከዚያ ካለፈ ሎርናም ሥራ ትፈታለች፣ የመጪው ዓመት ልጆችም ሌላ ኮሌጅ ይገባሉ፤ የሚመለስ ቡድን አይኖርም።»

ሦስት ቀን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሐሙስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፈረምኩ። ለዴሪክ እሁድ አባታችን ቤት ስንገናኝ ፊት ለፊት ልነግረው ወሰንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሁድን የመረጥኩት ሩቅ ስለነበረ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የከተማው ጋዜጣ ወሬውን አወጣው። ሦስታችንም በስማችን ተጽፈናል።

ዴሪክ ያገኘኝ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ያንኑ ቲሸርት ለብሷል። ስልኩን ፊቴ ዘረጋና፣ «የእናቴ ልጅ» አለኝ፤ «አንብቢልኝ እስቲ፤ እኔ ማንበብ አልችል እንደሆነ።»

«እሁድ ልነግርህ ነበር።»

«ጋዜጣው ቀደመሽ። ጎበዝ ጋዜጣ ነው!»

«ዴሪክ፣ ካልፈረምኩ ማናችንም አንመለስም። ሎርናም አትመለስም። አስበው እስቲ።»

«አሰብኩት! አስቤ ጨርሻለሁ። ልጆቹ ምን ብለው እንደጠየቁኝ ታውቂያለሽ? አንተ ታውቅ ነበር ወይ አሉኝ። ከአንድ ማህፀን ወጥተን፣ አላውቅም ነበር ስላቸው ማን ያምነኛል?»

ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል። እጄን ላዩ ላይ ጫንኩበት። «ሕጉ ለአንተ ቢሆን፣ አንተ ብትሆን ኖሮ ትፈርም ነበር?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እፈርም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ እነግርሽ ነበር።» ይህን ብሎ ወጣ።

እሁድ አባቴ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። አባቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በልጅነታችን ከሥራው በፊት በየንጋቱ ገንዳ ያደርሰን የነበረው እሱ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሾርባውን ሲያማስል ቆየና፣ «ሁለታችሁንም በአንድ መኪና ነው ያመላለስኳችሁ» አለኝ። «አሁን አንዱን አውርድ ብትሉኝ እኔ ሹፌሩ ምን ላድርግ? ብዪ፣ ብዪ።» እኔ ግን እየተነሳሁ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። የዴሪክ መኪና አልመጣም።

ክሱ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ኮሌጁ እጁን ሰጠ። የሴቶቹ ቡድን እንደሚቀጥል በሦስት መስመር ደብዳቤ አሳወቁን። ሎርና ሰብስባ ስታነብልን አንድም ሰው እልል አላለም። አንዷ፣ «አሁን ምንድነው የምናደርገው፣ እንደሰታለን?» አለች። ሎርና መነጽሯን ጠርጋ፣ «ነገ ጠዋት ትዋኛላችሁ» አለቻት።

ከወንዶቹ ስድስቱ ሌላ ኮሌጅ ገቡ። የቀሩት ዋናውን ተዉት። ዴሪክ እስካሁን የተማረውን ግማሹን እንኳ የሚቆጥርለት ሌላ ኮሌጅ ስላጣ እዚያው ቀረ፤ ከሰዓት በኋላ ጎማ ቤት ሥራ ገባ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ «ሰላም ነሽ?» ይለኛል፣ «ሰላም» እለዋለሁ፤ እንደ ጎረቤት። ልምምድ ላይ የወንዶቹ መስመሮች ባዶ ናቸው። ስምንት መስመር ለኛ ብቻ ሆነ፤ እንደልባችን መዋኘት እንችላለን፤ እኔ ግን ትንፋሽ ስወስድ ዓይኔ ወደዚያኛው ጎን ይሄድብኛል፤ ሎርናም፣ «ቴሳ! አንገትሽ!» እያለች ትጮህብኛለች።

በየካቲት በራሳችን ገንዳ የምናደርገው የመጨረሻው ውድድር መጣ። በዚያ ቀን ተመራቂዎች ከቤተሰባቸው ጋር በገንዳው ዳር በስማቸው እየተጠሩ ያልፋሉ። አባቴ የሹፌርነት ጃኬቱን ለብሶ መጣ። ለዴሪክ አልነገርኩትም። ብዙ ጊዜ ስልኬን አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።

ሊጀመር ሲል በጎን በር ገባ። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ ጎማ ጎማ ይሸታል።

«የአንድ ሰዓት ፈቃድ ነው ያለኝ» አለኝ። «አባዬ ነው የነገረኝ። ደግሞ ሳትነግሪኝ ልታልፊ ነበር አይደል?»

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እምቢ ልልሽ እችል ነበር። መጠየቅ ግን ነበረብሽ።»

የእኛ ስም ተጠርቶ አለቀ። ሎርና ድምጽ ማጉያውን አልመለሰችም። ከኪሷ ሌላ ወረቀት አወጣችና በፕሮግራሙ ላይ ያልነበሩ አራት ስሞች አነበበች፤ ቡድናቸው ባይዘጋ ኖሮ በዚህ ቀን ይጠሩ የነበሩትን ወንዶች። ሦስቱ የሉም። አራተኛው «ዴሪክ ኮቫልስኪ» ሲባል ወንድሜ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ አለ፤ አባቴ በክንዱ ያዘው። ሁለቱ በእርጥቡ ወለል ላይ እየተጠነቀቁ ተራመዱ። ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሚስተር ቤኒንግ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

በቢራቢሮ ዋና ሁለተኛ ወጣሁ። ከውሃ ስወጣ ዴሪክ ጓንቱን እያደረገ ሊሄድ ነው።

«እሁድ አባዬ ቤት ነኝ» አለኝ። «ከመጣሽ ነይ። ግን ስለ ዋና አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

«እሺ» አልኩት።

እሁድ ሄድኩ። ገና ኮቴን ሳላወልቅ፣ ገንዳው ጫፍ ደርሼ ስዞር እግሬን እንደማንቀራፍፍ ነገረኝ፤ ከዚያ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ዋና ብቻ አወራ።