እጄ እስኪከዳኝ

ዱጋሳን አልወደውም። ሰው እንዳይሳሳት ከወዲሁ ልናገር። ሟች ባሌ ስሙ ዲዳ ነበር፤ ዱጋሳ የእሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአዳማ አርሲ ነገሌ ሚኒባስ ይነዳል። የወንድሙ ተዝካር እንኳ ሳይወጣ ሱቁ ይገባኛል ብሎ ሽማግሌ የሰበሰበ ሰው ነው።

ሱቁ ማለት መናኸሪያው ጀርባ ያለችው የልብስ ስፌት ቤታችን ናት። ዲዳ እየቆረጠ እኔ እየሰፋሁ ያቆምናት። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ውለው አንጋፋቸው ኦቦ ወዬሳ ነገሩን ቆረጡት፦ «ዘርፉ በገዛ እጇ እስከሠራችበት ድረስ ሱቁ የእሷ ነው። መሥራት ያቃታት ቀን ለቤተሰቡ ይመለሳል።»

ዱጋሳ ወዲያው እጄን አየ። ጣቶቼ አብጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት መርፌ መያዝ ያቅተኝ ጀምሯል። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው፣ አብሮሽ ይኖራል ብሎኛል፤ ይህንንም ሰምቷል። «ተስማምቻለሁ» አለ። ለምን አይስማማ!

ከዚያ ወዲህ ሥራው መጠበቅ ሆነ። ከነገሌ ሲመለስ መኪናውን በሬ ላይ ያቆምና ሳይወርድ «እጅሽ እንዴት ነው?» ይላል። «አካም» የለ፣ እንደምን ዋልሽ የለ። አንድ ቀን ግን ወረደና ትንንሽ ነጫጭ ኪኒን በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ። ነገሌ የሚያውቀው ሰው ነው አሉ የሚሸጠው። ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር ዋጥኩት። ጣቴ ተዘረጋ! ውሎ አድሮ ፊቴ ሞላ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ዘርፉ ተመቻት» ይል ጀመር። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ ደስ አለኝ፤ ዱጋሳን አመሰገንኩት፣ አፌን ይቁረጠውና።

በዚያው ሰሞን ሐኪም ቤቱ የቁርጥማት ሕመምተኞችን በወር አንዴ እየሰበሰበ ማስተማር ጀመረ። የምታስተምረው አያንቱ የምትባል፣ ልጄ የምትሆን ነርስ ናት። ገና ከበር ስገባ ፊቴን አይታ «ይህ ምቾት አይደለም። ምንድን ነው የሚውጡት?» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ላስቲኩን አሳየኋት።

«ያለ ሐኪም ይህን ሲውጡ ከረሙ? ፊትዎን ያሳበጠው እሱ ነው። ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል፤ ከሥር ግን አጥንትዎን ይበላዋል።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም!»

«እንደሱማ አይሆንም። በአንዴ ካቆሙት ራስዎን ስተው ይወድቃሉ፤ ሊሞቱም ይችላሉ። ሐኪም እያየዎት ትንሽ በትንሽ ነው የሚቀነሰው።»

ተማሪ አይደለሁም ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ወር ተመለስኩ፤ ዱጋሳ ሱቄን ዓይኑን ሳይነቅል እያየ የት እሄዳለሁ? ኪኒኑን ሐኪም እያየኝ ትንሽ በትንሽ ቀንሼ ተውኩት። ጠዋት ጣቶቼን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ማፍታታት ተማርኩ። የመቀሱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርኩት። ካውያውን በሁለት እጅ ማንሳት፣ ዘንቢሉን በጣት ሳይሆን በክንድ መያዝ ለመድኩ። የታዘዘልኝን መድኃኒት በተሻለኝ ቁጥር መተው ነበር ልማዴ፤ አያንቱ እየጨቀጨቀች ይህንንም አስተወችኝ። ሁሉንም እየተነጫነጭኩ አደረግሁት።

ዓመታት አለፉ። ጣቶቼ ትንሽ ጎበጥ ከማለታቸው በቀር ይሠራሉ፤ የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም ዛሬም መስከረም ሳይጠባ አደርሳለሁ። ዱጋሳም መጠየቁን አልተወም። እኔ ግን ኪኒኑን ሆን ብሎ፣ እጄን ሊጨርስ ነው የሰጠኝ ብዬ ኦቦ ወዬሳ ዘንድ ሳይቀር ከስሼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመኪናው ሲወርድ አየሁት። ጉንጩ ተነፍቷል፣ ማጅራቱ ደልቧል፣ እግሩ ግን እንጨት ሆኗል። የመናኸሪያው ሹፌሮች «ዱጌ ተመቸው!» እያሉ ይስቃሉ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ተጠጋሁት።

«ምንድን ነው የምትውጠው?» አልኩት።

«ያንኑ ነዋ። ለጉልበቴ። ላንቺ ያካፈልኩሽ ከራሴ ላይ ነበር፤ አንቺ ግን መርዝ ሰጠኝ ብለሽ ስሜን አጠፋሽ።»

ለካ የእውነት ያካፈለኝ ኖሯል። ይህም ራሱ አናደደኝ። አያንቱ የነገረችኝን ሁሉ እላዩ ላይ አወረድኩበት። መጀመሪያ ሳቀ። አብራኝ ስትማር የነበረች አንዲት ሴት ከወንበር ስትነሳ ዳሌዋ መሰበሩን ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። ላስቲኩን ከኪሱ አውጥቶ ኪኒኑን ቦዩ ውስጥ በተነው።

«በቃ፣ ሁለተኛ አልነካውም!» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ። ውስጡ ሰው ሞልቶ ነገሌ ሊወጣ ይጠብቃል።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩ። «በአንዴ አይተውም!»

«አሁን አጥንት ይበላል አላልሽም?»

«ይበላል! ቢሆንም ሐኪም እስኪያይህ ትውጠዋለህ!»

«ሰዎች፣ ስሟት እንጂ! ልትገድለኝ እኮ ነው!»

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱ የመኪናውን በር ከፈተ። መንገድ ላይ ራሱን ቢስት፣ ያ ሁሉ ሰው አብሮት ነው። ኮሌታውን አነቅሁት።

«መሪ አትይዝም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ!»

ሊያላቅቀኝ ታገለ፤ መጀመሪያ በአንድ እጁ፣ ቀጥሎ በሁለቱም። ጣቶቼ አልተላቀቁም። አውራ ጣቴን ይዞ ሲጎትት ቆየና ድንገት ቀና ብሎ አየኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሲጠብቀው የኖረው እጅ እንዴት እንደከረመ ያኔ ገባው።

«ልቀቂኝ፣ ዘርፉ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «አሳመምሽኝ።»

«ቻለው» አልኩትና በሌላው እጄ ባጃጅ ጠራሁ።