የተቆረጠው ግጥም

ጀይሉ ሐወልቲ አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ ሕዝብ ፊት ያስቀዳው ካሴት የመጀመሪያው ነበር። ከወሎ መጥቶ መቀሌ ውስጥ ዐሥር ዓመት በየሠርጉ ማሲንቆ መትቷል። ያን ቀን ከሰዓት፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ክራንች የያዘ ወታደር ከኋላ ተነሥቶ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጠው። አዝማሪ ተቀበል ከተባለ የተሰጠውን ግጥም መመለስ ግዴታው ነው። ጀይሉም እንደ ልማዱ የወታደሩን ቃል በዜማ መለሰው፦

ለናቱ ደኅና ነው በሏት እስኪነገር፤
በእጄ አለበስኩት ኑሃን ያገር አፈር።

ስሙን ያስተዋለው ከአፉ ወጥቶ አዳራሹ በለቅሶ ሲናወጥ ነበር። ወታደሩን በር ላይ ደረሰበት።

«የበርበሬ ነጋዴዋ፣ የረሒማ ልጅ?»

«እሱው» አለ ወታደሩ።

ረሒማ ጎረቤቱ ናት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን «የሞቱት ስም ዝርዝር ሳይመጣ መርዶ አይነገርም» ብለው ከለከሉት። ጀይሉ ካሴቱን ወደሚያሳትመው ተስፋማርያም ሮጠ።

«ኣንታ ጀይሉ፣ ጤና የለህም? ያለዚህ ግጥም ካሴቱ ምን አለው?»

«ቁረጠው! አለዚያ ስሜን ከሽፋኑ አውጣ።»

ተስፋማርያም እያጉረመረመ ሁለቱን ስንኞች ከቴፑ ክር ላይ በምላጭ ቆርጦ ጫፎቹን አያያዛቸው።

ካሴቱ በወጣ ማግስት ረሒማ ከሱቋ ጠራችው። ቴፗን የበርበሬ ጆንያ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ና ልጄ፣ ገዛሁልህ! ኑሃ ሲመጣ ይጨፍርበታል።»

ሦስተኛው ዘፈን ደረሰ። ማሲንቆው አንዴ ዘለለ። ወዲያው የአዳራሹ ለቅሶ ተሰማ፤ ከሁሉም በላይ የአንዲት ሴት እሪታ።

ረሒማ ሣቀች። «ይህችማ የኛዋ ሙሚና ናት! ድምፅዋ የት ይጠፋኛል፣ በአንድ ግድግዳ እየኖርን? ምን ብለህ ነው እንዲህ ያስለቀስካት?»

«የናፍቆት ዘፈን ነው፣ እማ ረሒማ።»

«ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፤ ማንን ናፍቃ?»

ረሒማ ወደ ኋላ መልሳ አጫወተችው፤ ደግማ መለሰችው። እሪታው ሲደርስ የምታየው ቴፑን ሳይሆን የጀይሉን ፊት ነበር።

«ሙሚና ሰሞኑን ደጄን አልረገጠችም» አለች ቀስ ብላ።

ቴፑን አጠፋችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ታጠቀችበት።

«ማን ቀበረው?»

ጀይሉ የተቆረጠውን ግጥም ያለ ማሲንቆ፣ ያለ ዜማ ነገራት።